«የማን ወገን ነህ?»

ሰው ትምህርቱን ፈጽሞ፥ ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ፥ በመሥሪያ ቤት ወንበር ከተቀመጠ በኋላ በዕውቀቱ ጎልማሳ፥ በጠባዩ ግን ገና ልጅ ሆኖ ሊቀር ይችላልን? ሊቀር እንደሚችል በየከተማው የምናየው ነገር ይመሰክራል። በባንክ፥ በሆስፒታል፥ በትምህርት ቤት፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ትጋታቸው የሚደነቅ ወጣቶች አሉ፤ ሒሳቡን አያሳስቱም፥ መድኃኒቱን አያምታቱም። ዳሩ ግን የምሳ ሰዓት በደረሰ ጊዜ እነዚሁ ሰዎች ሦስት አራት ሆነው ይቧደናሉ፤ ከእነርሱ ወገን ያልሆነውንም እንደ ባዕድ ይቈጥሩታል።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ ሻይ ወደሚጠጣበት ክፍል ስትገባ የተጀመረው ሳቅ ድንገት ይቋረጣል፤ ስትወጣም ሳቁ እንደ ገና ይጀመራል። የስብሰባው ሰዓት ሲለወጥ ለሁሉ ይነገራል፥ ለአንዱ ግን ሳይነገር ይቀራል፤ ዘግይቶ ሲገባም እርስ በርሳቸው በዓይን ይጠቃቀሳሉ። ለአለቃው የቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ስሙን የሚያውቅ የቤት ልጅ ነው፥ የማያውቅ ግን እንግዳ ነው። በዘመናችንም በእጅ ስልክ የመልእክት ማኅበር ይመሠረታል፤ አሥር ሰዎች በሚሠሩበት ክፍል ዘጠኙ በማኅበሩ ውስጥ ይገኛሉ፥ አሥረኛው ግን የሚጻፈው ስለ እርሱ መሆኑን ሳያውቅ በመካከላቸው ተቀምጦ ይሠራል። ማንም አልመታውም፥ ማንም አልሰደበውም። ሆኖም ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተደበደበ ሰው ያህል ይደክመዋል።

ብዙዎች «ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ወጣትነት ያመጣው ነው፥ ጊዜ ይፈታዋል» ይላሉ። እኔ ግን ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ፥ ጊዜም ብቻውን እንደማይፈታው በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ እወዳለሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ወገን መለየት የልጅነት ጠባይ የሚባለው ስለ ምንድር ነው? ሳይታረም ሲቀር ወዴት ያደርሳል? በመልካም ወዳጅነትና በክፉ ወገንተኝነት መካከል ያለውስ ድንበር የት ነው?

ስለ ፊተኛው ጥያቄ የአገራችንን የገና ጨዋታ እናስብ። በገና ዕለት የአንድ አገር ልጆች በሁለት ወገን ተከፍለው ሩሯን በዱላ ይጋፋሉ። አንዱ ወገን በሌላው ላይ ይዘፍናል፥ ይሳለቃል፤ በዚያ ቀን ጌታ በአሽከሩ አይቈጣም። ነገር ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዋታው ያበቃል፤ ያ ሁሉ ተጋፊ በአንድ ቤት፥ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣል። ልጅ ወገን መለየት ይወዳል፤ ይህም ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ማን እንደ ሆነ ገና ስላላወቀ «የእነ እገሌ ወገን ነኝ» በማለት ራሱን ያውቃል። ሁለተኛ፥ ብቻውን መቆም ስለሚያስፈራው ነው። ይህ በልጅ ላይ ነውር አይደለም። ጎልማሳ የሚባለው ግን ጨዋታው ማብቃቱን የሚያውቅ ሰው ነው። በመሥሪያ ቤት ወገን ለይተው የሚኖሩት ወጣቶች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ዱላቸውን ይዘው በጨለማ ሲጋፉ የሚያድሩትን ልጆች ይመስላሉ።

ወዴት ያደርሳል ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ታሪክ ይመልስልን። የማመጣውም ምስክር የካምፓላ ከተማ ናት። ካምፓላ የዩጋንዳ ዋና ከተማ ስትሆን በኮረብቶች ላይ የተሠራች ናት። በሜንጎ ኮረብታ የቡጋንዳ ንጉሥ፥ በአገሩ ቋንቋ ካባካ የሚባለው፥ ቤተ መንግሥት አለ። በናሚሬምቤ ኮረብታ የአንግሊካን ካቴድራል፥ በሩባጋ ኮረብታ የካቶሊክ ካቴድራል፥ በኪቡሊ ኮረብታ የእስላሞች መስጊድ ይታያል። ሆስፒታሎቹ እንኳ በዚሁ ሥርዓት የቆሙ ናቸው፤ የሜንጎን በ1897 የእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሚሲዮን፥ የንሳምቢያን በ1903 የካቶሊክ ሚሲዮን አቋቋመው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) እንግዳ ሰው ይህን አይቶ «እያንዳንዱ ኮረብታ የየራሱ ወገን ያለው እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከነበሩ ወጣቶች ይጀምራል።

ያ መሥሪያ ቤት የካባካው እልፍኝ ነበረ። በዚያ ዘመን የአገሩ መኳንንት ብልህ ልጆቻቸውን ለቤተ መንግሥት አገልግሎት ይሰጡ ነበር። ከእነዚህ ብላቴኖች አንዱ በግምጃ ቤት፥ ሌላው በአዳራሽ ያገለግል ነበር፤ የተሳካለትም በኋላ የአውራጃ ሹም ይሆናል። በአገራችን «ብላቴን ጌታ» የሚለው ማዕረግ የእነዚህን የመሰሉ የቤተ መንግሥት ብላቴኖች አለቃ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውላል። እንግዲህ እነዚህ ብላቴኖች የዘመናቸው የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን በ1877፥ የፈረንሳይ ካቶሊክ ካህናት በ1879 ወደ ቡጋንዳ በመጡ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው ማንበብ የተማሩ እነርሱ ነበሩ፤ ስለዚህም አማኞቹ «አንባብያን» ተብለው ይጠሩ ነበር።

ካባካ ምዋንጋ በ1884 በነገሠ ጊዜ ገና ወጣት ነበረ። በጥቅምት 1885 የአንግሊካኑ ጳጳስ ሐኒንግተን ወደ ቡጋንዳ ሲመጣ በመንገድ በካባካው ትእዛዝ ተገደለ። በዚህ ጊዜ የብላቴኖቹ አለቃ ዮሴፍ ሙካሳ ባሊኩዴምቤ ንጉሡን ስለ ግፉ ገሠጸው። ባሊኩዴምቤ ካቶሊክ ነበረ፤ የተገደለው ጳጳስ ግን ካቶሊክ አልነበረም። «የሞተው የእነዚያ ሰው ነው፥ እኔን ምን አገባኝ?» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ስለዚህም በኅዳር 1885 በሞት ተቀጣ። በግንቦትና በሰኔ 1886 ደግሞ ስደቱ በብላቴኖቹ ሁሉ ላይ ወረደ። ሰኔ 3 ቀን 1886 ከካምፓላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው በናሙጎንጎ ካቶሊኮቹና አንግሊካኖቹ በአንድነት በእሳት ተቃጠሉ። በስም ከሚታወቁት ሰማዕታት ሃያ ሁለቱ ካቶሊክ፥ ሃያ ሦስቱ አንግሊካን ናቸው፤ ታናሹ ኪዚቶ ዕድሜው ገና አሥራ አራት ዓመት ገደማ ነበረ።

አንባብያን ሆይ፥ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ባማረ ነበር! ዳሩ ግን አላለቀም። ከእሳቱ የተረፉት ወጣቶች አደጉ። በ1888 ክርስቲያኖቹና እስላሞቹ ተባብረው ምዋንጋን ከዙፋኑ አወረዱት፤ ወዲያውም እስላሞቹ ክርስቲያኖቹን አሳደዷቸው። በስደት ሳሉ ካቶሊኮቹና ፕሮቴስታንቶቹ አብረው ተራቡ፥ አብረው ተዋጉ። በ1889 ምዋንጋን ወደ ዙፋኑ በመለሱት ጊዜ ግን የአገሩን ሹመት ለሁለት ተካፈሉት። ያን ጊዜ በስደት የተሸሸገው ክፉ ዘር በቀለ። የካቶሊኩ ወገን «ባፍራንሳ»፥ የፕሮቴስታንቱ ወገን «ባንጌሬዛ» ተባለ፤ ይኸውም ፈረንሳውያንና እንግሊዛውያን ማለት ነው። የአንድ አገር ልጆች በራሳቸው ቋንቋ ለመጠራት እንኳ አልታደሉም፤ ባሕር ተሻግረው በመጡ ሰዎች ስም ወገን ለዩ።

ከዚህም የሚብስ ነገር ተከተለ። ከአንዱ ሃይማኖት ወደ ሌላው የተመለሰ ሹም ሹመቱንና ርስቱን እንዲለቅቅ ተዋዋሉ፤ ይኸውም የወገኑ ድርሻ እንዳይጐድልበት ነው። እንግዲህ የሰው ሕሊና ከወንበሩ ጋር በአንድ ገመድ ታሰረ። በልቡ ያመነውን የሚናገር ሰው እንጀራውን ያጣል፤ እንጀራውን የሚወድድ ሰው ልቡን ይዘጋል። ወገንተኝነት ሲበስል የሚያፈራው ፍሬ ይህ ነው።

የመጨረሻውም ውጊያ የተነሣው ከትንሽ ነገር ነበረ። በአንድ ጠመንጃ ምክንያት በተነሣ ጠብ አንድ የፕሮቴስታንት ወገን ሰው በካቶሊክ ወገን ሰው እጅ ተገደለ። ካባካው ገዳዩን በነጻ ለቀቀው። ይህ ፍርድ ትክክል ነበረ ወይስ አልነበረም? በሜንጎ ያን ጊዜ ይህን የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበረ። ጥያቄው «ገዳዩ የማን ነው? ሟቹስ የማን ነው?» የሚል ብቻ ሆነ። ጥር 24 ቀን 1892 በሜንጎ ጦርነት ተነሣ። የእንግሊዙ ሻምበል ሉጋርድ ለፕሮቴስታንቱ ወገን ጠመንጃ አድሎ ነበርና፥ መትረየስም ነበረውና፥ የካቶሊኩ ወገን ተሸነፈ፤ በሩባጋ የነበረው ቤተ ክርስቲያናቸውም ተቃጠለ። በናሙጎንጎ በአንድ እሳት ከነደዱት ወንድሞች ጊዜ እስከዚያ ቀን ድረስ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1886 ከሞት ከተረፉት ብላቴኖች አንዱ የነበረው አፖሎ ካግዋ በዚህ ውጊያ የፕሮቴስታንቱ ወገን መሪ ነበረ፤ እስከ 1926 ድረስም የአገሩ ካቲኪሮ፥ ማለት ጠቅላይ ሚኒስትር፥ ሆኖ ኖረ። የውጊያውም ጥላ ረጅም ሆነ። ከስድሳ ዓመት በኋላ ዩጋንዳ የፖለቲካ ማኅበሮችን ስታቋቁም፥ በ1954 የተመሠረተው የዴሞክራቲክ ፓርቲ በብዛት የካቶሊኮች፥ በ1960 የተመሠረተው የሕዝብ ኮንግሬስ ደግሞ በብዛት የፕሮቴስታንቶች ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድር ነው? እነዚህ ሰዎች ክፉዎችና ፈሪዎች ነበሩ እንዳንል፥ እሳትን ያልፈሩ ሰዎችና የእሳቱ ወንድሞች ነበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጠላት ፊት የሚታየው ድፍረትና በወዳጅ ፊት የሚያስፈልገው ድፍረት አንድ አይደሉም። ንጉሥ «ካድ» ሲለው «አልክድም» ያለ ሰው፥ ባልንጀሮቹ በተሰበሰቡበት «ወንድሞቼ፥ በዚህ ነገር እኛ ተሳስተናል» ለማለት አቅም ሊያጣ ይችላል። ጠላት የሚወስድብን ሥጋችንን ነው፤ ወዳጆች ግን ፊታቸውን ሲያዞሩብን የምናጣው ስማችንንና መጠጊያችንን ነው። ስለዚህ ባሊኩዴምቤን አብልጬ አደንቀዋለሁ። ለወገኑ መሞት የቻሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከወገኑ ላልሆነ ሰው ፍትሕ የተናገረ ግን ጥቂት ነው።

ይህ በቅዱስ መጽሐፍም የተሠወረ ነገር አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር ያለ አንዳች ችግር ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም የመጡ ሰዎች በደረሱ ጊዜ ግን እነርሱን ፈርቶ ከገበታው እያፈገፈገ ተለየ፤ የገዛ ባልንጀራው በርናባስ እንኳ አብሮ እንደ ተሳበ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ጽፎአል። ጴጥሮስ በዚያን ቀን የካደው ትምህርት የለም፤ የተለወጠው የምሳ ገበታው ብቻ ነው። ጳውሎስ ግን ነገሩን እንደ ትንሽ አልቈጠረውም፤ በሁሉ ፊት ተቃወመው። እንግዲህ የምሳ ሰዓት ወገንተኝነት ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ጳውሎስ ስለ አንድ ገበታ ያን ያህል የተነሣው ለምን እንደ ሆነ ይመልስ።

በመሥሪያ ቤትም የሚደርሰው ጉዳት በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በመጀመሪያ ሳቅ ነው፤ ቀጥሎ ዝምታ ነው፤ በመጨረሻ ግን ፍርድ ይጣመማል። የእኛ ወገን የሆነው ሒሳብ ሹም ገንዘብ ሲያጐድል «ተሳስቶ ነው» ይባላል፤ ያኛው ሲያጐድል ግን «ሰርቆ ነው» ይባላል። የእኛዋ አስታማሚ ስትዘገይ ልጇ ታሞባት ነው፤ ያችኛዋ ስትዘገይ ግን ሰነፍ ስለ ሆነች ነው። ለሥራው የሚገባው ሰው ይቀርና የሚቀርበን ሰው ይሾማል። በሆስፒታል ሁለት ወገን የሆኑ ሠራተኞች ስለ ሕመምተኛው መነጋገርን ከተዉ፥ የወገንተኝነቱን ዋጋ የሚከፍለው ስማቸውን እንኳ የማያውቀው ሕመምተኛ ነው። የሻይ ክፍሉ ሹክሹክታ እስከ አልጋው ድረስ ይደርሳል።

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ እንዲህ ብሎ ይመልስልኝ ይሆናል፤ «ታዲያ ሰው ወዳጅ አይኑረውን? ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ ወጣት፥ ወይም ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ከተማ የሚሠራ፥ የአገሩን ልጅ ባይጠጋ ማንን ይጠጋ?» ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በዚያችው በካምፓላ፥ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር፥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ከአገራችን የሄዱ ሰዎች በዚያ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጠው ቋንቋቸውን ይናገራሉ፥ የሥራና የቤት ነገር ይመካከራሉ። ይህን የሚነቅፍ ሰው የስደትን ብርድ የማያውቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለውም ስለዚህ ነው። ዕድራችንና ዕቁባችን የቆሙት በዚሁ ጥበብ ላይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውንም ሁላችን እንወድዋለን። ነገር ግን ሸረሪት ድሯን የምታደራው አንበሳን ለማሰር ሳይሆን ትንሿን ዝንብ ለመያዝ መሆኑን አንርሳ። ማበር በራሱ መልካም ወይም ክፉ አይደለም፤ የታሰረው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ ወዳጅነትን ከወገንተኝነት የምንለይባቸውን ሦስት ምልክቶች ልናገር።

አንደኛው ምልክት ስለ ሌላው ሰው መምጣት ነው። ሁለት ወዳጆች ሲነጋገሩ ሦስተኛ ቢመጣባቸው ወንበር ይስቡለታል፤ ጨዋታውም ይሰፋል። ወገንተኞች ግን ሦስተኛው ሲመጣ ነገር ይለውጣሉ። እንግዳ ሲገባ የሚያልቅ ጨዋታ መጀመሪያውኑ መልካም ጨዋታ አልነበረም።

ሁለተኛው ምልክት ስለ ራስ ጥፋት ነው። ወዳጅ ጥፋቴን በጓዳ ይነግረኛል፥ በአደባባይም ያከብረኛል። ወገንተኛ ግን ጥፋቴን በጓዳ ይሸፍንልኛል፤ ይህን የሚያደርገው ስለሚወደኝ ሳይሆን ነገ እኔ የእርሱን እንድሸፍንለት ነው። ይህ ብድር እንጂ ፍቅር አይደለም።

ሦስተኛው ምልክት በመካከል ስለሌለው ሰው ነው። ወዳጅነት ያለ ሐሜት መኖር ይችላል፤ ወገንተኝነት ግን የሚታማ ሰው ከሌለው ይሞታል። ከባልንጀሮቻችን ጋር ለአንድ ሳምንት ማንንም ሳናማ ብንቀመጥ የምንነጋገረው ነገር ይቀርልን እንደ ሆነ እንፈትነው። የሚቀር ነገር ካለ ወዳጆች ነን። ዝም ካልን ግን ያገናኘን ያ የምናማው ሰው ብቻ ነበረ ማለት ነው።

ሌላም መልስ የሚሰጥ ይኖራል፤ «የእኛ ማኅበር የተሰበሰበው ስለ እውነት ነው፤ ከሰነፎችና ከሌቦች ራሳችንን ብንለይ ምን ነውር አለው?» ይህ ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ ለእርሱም የሚሆን ምሳሌ ከካምፓላ ሳንርቅ እናገኛለን። ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ በሙኮኖ በጳጳስ ታከር ስም የተሰየመ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ነበረ፤ ዛሬ የዩጋንዳ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሆኖአል። በ1941 በዚያ የነበሩ የመነቃቃቱ ተማሪዎች፥ ባሎኮሌ ማለት የዳኑት የተባሉት፥ ገና ሌሊት ሳለ ለጸሎት እየተነሡ የባልንጀሮቻቸውንና የመምህራኖቻቸውን ኃጢአት በግልጥ ይናገሩ ነበር። አለቆቹ ይህን ከለከሉ፤ ተማሪዎቹ አልታዘዙም፤ ሃያ ስድስት ተማሪዎችም ተባረሩ፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ዊልያም ናጌንዳ ነበረ።

በዚህ ነገር ሁለቱንም ወገን በቅንነት እንመርምር። ተማሪዎቹ የተቃወሙት ስርቆትና ዝሙት በእውነት የሚነቀፍ ነበረ፤ ሥራቸውንም በሹክሹክታ አላደረጉትም፥ የራሳቸውንም ኃጢአት በሰው ፊት ይናዘዙ ነበር። በዚህ ከመሥሪያ ቤት ሐሜተኞች እጅግ ይለያሉ። ዳሩ ግን «የዳነ» እና «ያልዳነ» ብሎ በአንድ ቤት የሚኖሩትን ለሁለት መክፈል ምንኛ ቀላል፥ ምንኛም አስፈሪ ነገር ነው! ልብን የሚያይ አንድ እርሱ ብቻ ነውና። አለቆቹም ሥርዓት የማስከበር ሥልጣን ነበራቸው፤ ነገር ግን ማባረር ወገኑን አላጠፋውም፥ ይልቁንም አጸናው። የተባረሩት ግን አንድ ነገር አደረጉ፤ ተቈጥተው ሌላ ቤተ ክርስቲያን አላቆሙም። አብዛኞቹ በገፋቻቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆዩ፤ የመነቃቃቱም ወንድማማችነት የጋንዳን፥ የኪጋን፥ የሩዋንዳን ሰው በአንድ ያስቀመጠ ሆነ። እንግዲህ ስለ እውነት የተሰበሰበ ማኅበር የሚፈተነው በዚህ ነው፤ ከእርሱ ውጭ ያሉትን መናቅ ይጀምራልን? ወይስ ከናቁት ጋር እንኳ በአንድ ቤት መኖር ይችላልን?

በዚህ ክፍል ወጣቶችን ብቻ መውቀስ ቅን ፍርድ አይሆንም። ልጅ ያየውን ያደርጋል። ሽማግሌዎች በጉባኤ ላይ «ይህ የስዊድን ሚሲዮን ሰው ነው፥ ያ የጀርመን ሚሲዮን፥ ያኛው የኖርዌይ ሚሲዮን» ሲባባሉ የሰማ ልጅ፥ ነገ በመሥሪያ ቤቱ «ይህ ከእነ እገሌ ትምህርት ቤት የወጣ ነው፥ ያ ከእነ እገሌ አውራጃ የመጣ ነው» ቢል ከማን ተማረ እንላለን? በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በተመሠረተች ጊዜ ልዩ ልዩ ሚሲዮኖች ያስተማሯቸው ጉባኤዎች በአንድ ስም ተጠሩ፤ ስሙ አንድ ቢሆንም ልብን አንድ የማድረጉ ሥራ ግን በየትውልዱ የሚታደስ ነው። የቆሮንቶስ ሰዎችም እኔ የጳውሎስ ነኝ፥ እኔ የአጵሎስ ነኝ ይባባሉ ነበር፤ ጳውሎስም በገዛ ስሙ የተመሠረተውን ወገን ሳይቀር ነቀፈ። በስሙ የሚጠሩትን ደጋፊዎቹን እንዲህ የሚገሥጽ አለቃ ዛሬ ስንት አለ?

አሁን ወደ ምክር ልለፍ።

ወጣቶች ሆይ፥ ከወገናችሁ ውጡ አልልም፤ የወገናችሁን በር ግን ክፈቱ። በሳምንት አንድ ቀን ምሳችሁን ብቻውን ከሚቀመጠው ሰው ጋር ብሉ። ሰው በሌለበት ሲታማ «እርሱ ይምጣና በፊቱ እንነጋገር» በሉ፤ ይህ አጭር ቃል ከረጅም ስብከት ይበልጣል። ባልንጀራችሁ ሲያጠፋ አትሸፍኑለት፥ አታዋርዱትም፤ ለብቻው ንገሩት። ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለውን ክፉ ተረት አትስሙ፤ ሁሉም ስለ ዘረፈ ዝርፊያው ቅን አይሆንምና፥ የባልንጀራም ስም ከዕቃ ይልቅ የከበረ ነውና።

አለቆች ሆይ፥ ወገንተኝነትን በቍጣ ብቻ እናጠፋለን አትበሉ፤ የሙኮኖን ነገር አስቡ። ነገር ግን የራሳችሁን ጆሮ ጠብቁ። ወሬ የሚያመጣላችሁን የምትወድዱ ከሆነ ወሬ ይበዛላችኋል። ሥራውንና ሹመቱን በግልጥ ስጡ፤ የተሾመው ለምን እንደ ተሾመ፥ የቀረውም ለምን እንደ ቀረ ሁሉም ይወቅ። ሰዎች ወገን የሚፈልጉት ፍትሕን ሲያጡ ነውና፥ ፍትሕ ያለበት ቤት መጠጊያ የሚሆን ጎራ አያስፈልገውም።

በውጭ የቀራችሁ ሆይ፥ ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምመው እናንተን ነው። የሌላ ወገን መሥርታችሁ ለመበቀል አትቸኵሉ፤ እንዲህ ቢሆን በአንዱ ክፉ ላይ ሁለተኛ ይጨመራልና። ሥራችሁን በትጋት ሥሩ፤ የተጣመመ ነገር ቢደርስባችሁ ለሚመለከተው ሰው በግልጥና በጽሑፍ ተናገሩ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውንም አዲስ ሠራተኛ ማንም እንዳልተቀበላችሁ አድርጋችሁ ሳይሆን፥ ልትቀበሉ ትወድዱ እንደ ነበረው አድርጋችሁ ተቀበሉት።

ከካምፓላ ያየነው መጥፎ ምሳሌ ብቻ እንዳይሆን አንድ መልካም ነገር ልጨምር። የማኬሬሬ ትምህርት ቤት በ1922 ሲከፈት አሥራ አራት ተማሪዎች አናጢነትንና ግንበኝነትን መካኒክነትንም ይማሩበት ነበር። የቤቱ መሪ ቃል ያን ጊዜ «ወንዶች እንሁን» የሚል ነበረ። በ1945 የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ተማሪዎች፥ ስድስት ሆነው፥ ገቡ፤ መሪ ቃሉም ተለውጦ «ለመጪው ዘመን እንገነባለን» ተባለ። ስድስት ሴቶች በብዙ ወንዶች መካከል ምን ያህል ናቸው? ሆኖም የመጡት እንግዶች በቤቱ ቃል ውስጥ ስፍራ እንዲያገኙ ቃሉ ራሱ ተለወጠ። የመብሰል ምልክት እንዲህ ያለ ነው፤ እንግዳው በበሩ ቆሞ እንዲቀር ከማድረግ ይልቅ በሩን ማስፋት።

ለሰማዕታቱም የሚገባቸው ክብር በዘመናት ተመለሰ። በጥቅምት 1964 ጳጳስ ጳውሎስ ስድስተኛ ሃያ ሁለቱን ካቶሊኮች ቅዱሳን ብለው በሮም ሲሰይሙ ስለ ክርስቶስ ስም የሞቱትን አንግሊካኖችም አስታወሱ። ከዚያ በፊት በ1963 የዩጋንዳ ክርስቲያኖች የጋራ ጉባኤ ተቋቁሞ የሁለቱ ኮረብቶች ሰዎች አብረው መምከር ጀምረው ነበር። በኅዳር 2015 ጳጳስ ፍራንሲስ ወደ ናሙጎንጎ በሄዱ ጊዜ የአንግሊካኖቹንም የካቶሊኮቹንም የሰማዕታት መታሰቢያ ጐበኙ። በየዓመቱ ሰኔ 3 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናን ከሩቅ አገር በእግራቸው እየተጓዙ ወደዚያ ይደርሳሉ። መታሰቢያው ዛሬም በሁለት ስፍራ ነው፤ ያ እሳት ግን አንድ ነበረ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በየመሥሪያ ቤታችሁ እሳት አልተዘጋጀላችሁም። የተዘጋጀላችሁ የሻይ ክፍልና የምሳ ገበታ ነው። በዚያ «የማን ወገን ነህ?» ተብላችሁ በዓይንም ሆነ በቃል ስትጠየቁ፥ መልሳችሁ ወንበር ስቦ እንግዳውን ማስቀመጥ ይሁን። ይህን ለማድረግ ብርታት የሚያንሰው ሰው ቢኖር ጴጥሮስም እንዳነሰው፥ በኋላም እንደ በረታ አስቦ አይዞህ ይበል። የሰላም አምላክ ለሁላችን በባልንጀሮቻችን ፊት የሚቆም ድፍረትን ይስጠን። አሜን።